አንድ ጣት ውፍረት

ሰኞ

ዶክተሯ «ወለል ላይ በቀን ስንት ሰዓት ትጫወታለች?» ስትለኝ «ብዙ» አልኳት። ብዙ! ከየት አምጥቼ እንደተናገርኩት እኔም አላውቅም። በሳምንት ሦስት ቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ያን ጊዜ ልጄ ኤልዱ ከአያቷ ጋር ነው የምትውለው። ስንት ሰዓት ወለል ላይ እንደምትሆን ጠይቄ አላውቅም። ዶክተር ፊት ግን እናት የማታውቀው ነገር መኖር የለበትም መሰለኝ።

ኤልዳና ዘጠኝ ወር ሞላት። ትቀመጣለች፣ ትስቃለች፣ «ባባባ» ትላለች፣ የሰው መነጽር ትነጥቃለች። ዳዴ ግን የለም። በሆዷ ሳስተኛት እጆቿን ዘርግታ ታለቅሳለች፣ በቃ። ዶክተሯ የልጄን እግር አጠፈች፣ ዘረጋች፣ በብብቷ ይዛ አቆመቻት። «ጡንቻዋ ደህና ነው፤ የሚዘገይ ልጅ አለ። ግን በክንዷ ለመደገፍ እንኳ አለመሞከሯን አልወደድኩትም። ወለል ላይ ጊዜ ስጧት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አምጫት፤ ያው ከሆነች ፊዚዮቴራፒ እንልካታለን» አለች።

«አልወደድኩትም» ያለችው ሆዴ ገባ። ኤልዱን መኪና ወንበሯ ላይ አስሬ፣ ኤሲውን ከፍቼ፣ ቀጠሮውን ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ሰለሞን ኮል አደረገ። ባሌ ነው፤ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፣ ሁልጊዜ የሚደውለው ተሳፋሪ ሊያወርድ ሲል ነው። «ምን አለች?» «ደህና ናት አለች።» ለሱም ዋሸሁ። በአንድ ጠዋት ሁለት።

ቤት ስገባ ጫማዬን አውልቄ ወለሉን ረገጥኩት። የምንኖረው ሰው አገር፣ አርሊንግተን፣ አፓርታማ፣ ታችኛው ፎቅ ነው። ወለሉ እንጨት ይመስላል እንጂ ቪኒል የሚሉት ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፤ ከሥሩ ደረቅ ሲሚንቶ። ስትወለድ በስጦታ የመጣ ተጣጣፊ የመጫወቻ ምንጣፍ አለን፣ ውፍረቱ ግማሽ ኢንች። አውራ ጣቴን ተጫንኩበት፤ ስፖንጁ ወዲያው አለቀና ሲሚንቶው ጣቴን ነካው። ተንበረከክኩበት። አቤት! ጉልበቴን ቆረጠመኝ። እኔ ሰላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የሷ ጉልበት ገና አጥንቱ እንኳ አልጠና።

ተገኘ! ልጄ ምንም አልሆነችም። ምንጣፉ ነው።

እትዬ ዘነበች፣ የሰለሞን እናት፣ ኩሽና በር ላይ ቆመው እንደተንበረከክኩ አዩኝ። «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሉ። «ምንም፣ እትዬ።» «ሐኪሟስ ምን አለች?» «ደህና ናት።» ሦስት።

ማክሰኞ

እረፍት ላይ ነኝ፤ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መሪው ላይ ደብተሬን አስደግፌ ነው የምጽፈው። ሃያ ደቂቃ አለኝ። ሳንድዊቼን አልነካሁትም።

ነርስ አይደለሁም፣ የነርስ ረዳት ነኝ። አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሽንት ቤት አደርሳለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ሰው እንዳይወድቅ እጠብቃለሁ። አዛውንት ሲገቡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ሲነሱ ይከብድዎታል? በቅርቡ ወድቀዋል?» ብዬ ነው። ሁሉም መጀመሪያ «ኖ» ይላሉ። አላምናቸውም። ሲነሱ ምን እንደሚጨብጡ አያለሁ፣ ከወንበሩ ለመነሳት ስንቴ ወደ ፊት እንደሚወዛወዙ እቆጥራለሁ። እዚህ ሥራ ላይ ማንም አይሸውደኝም።

ለመውደቅ የሚያሰጋ ሰው ካለ አልጋው ሥር ምንጣፍ እናነጥፋለን። ስረግጠው ኖሬ ዛሬ ገና አየሁት። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ለካሁት፤ ጫፉ ላይ ቀስ እያለ ይሳሳል፣ እግር እንዳይጠልፍ። ፊዚዮቴራፒስቱ ሲያልፍ ያዝኩት። «ለሕፃን የመጫወቻ ምንጣፍ ስንት ኢንች ነው የሚሻለው?» «ወለልሽ ምንድነው?» «ሲሚንቶ።» «እንግዲያው ወፈር ይበል። ግን በጣም ለስላሳ እንዳይሆን፤ ልጅቷ ለመነሳት የምትገፋው ጠንካራ ነገር ትፈልጋለች። ደግሞስ አብሯት የሚቀመጠው ማን...» ሲል የአንድ ሕመምተኛ የጥሪ ደወል ጮኸና ሮጥኩ። «ወፈር ይበል» የምትለዋን ብቻ ይዤ።

ያሳሰቡኝ ነገሮች፦
ቀጭን ከሆነ፣ ተቀምጣ ወደ ኋላ ስትወድቅ ጭንቅላቷስ?
ወፍራም ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ስትደርስስ?
ሽታ አለው ይላሉ። ያገኘችውን ሁሉ አፏ ነው የምትከተው!
ከኤሲው ሥር ይሁን ከመስኮቱ ሥር?
ምንጣፉ ባይሆንስ?

የመጨረሻውን ሰርዤዋለሁ።

ረቡዕ

ኦፍ ነኝ። ኤልዱን ይዤ ፕሌኖ፣ ጓደኛዬ ሔለን ጋ ሄድኩ። ልጇ ከኤልዱ በአንድ ወር ያንሳል። በሩን ስትከፍት ከኋላዋ በአራት እግሩ እየሮጠ መጣ። እየሮጠ! መጥቶ የጫማዬን ማሰሪያ ያዘ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ልጅ ዳዴ ሲል አይቼ ቀናሁ። «ወይኔ ሲያምር!» አልኩ በአፌ። ኤልዱ እቅፌ ውስጥ ሆና እንደ ንግሥት ታየዋለች።

ምንጣፋቸውን አየሁት። እኛ ቤት ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ያው ግማሽ ኢንች! በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ገባ፣ ገባ፣ ምንም አልነካም። ሔለን ሳቀችብኝ። «ምን እያደረግሽ ነው? ሊጥ ደረሰ አልደረሰ ብለሽ ነው?»

እሷ ናት የገለጸችልኝ። ምንጣፍ ለብቻው አይለካም፤ ከሥሩ ካለው ወለል ጋር ነው። የነሱ ቤት ካርፔት ነው፣ ከካርፔቱም ሥር ሌላ ስፖንጅ አለ፣ ስለዚህ ቀጭኑ ይበቃል። «እናንተ ግን ሲሚንቶ ላይ ናችሁ። እንዴት ይሄን ታነጥፊላታለሽ?» አለችኝ። «እንዴት» ያለችው ቆጠቆጠኝ። ክፉ ብላ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ቆጠቆጠኝ።

መኪናዬን ሳላስነሳ እዚያው በሯ ላይ ሆኜ በስልኬ አዘዝኩ። አንድ ኢንች ተኩል። ካየኋቸው ሁሉ ወፍራሙን።

ሐሙስ

መጣ! አራት ቦታ ታጥፎ፣ በሳጥን ታሽጎ፣ እንደ ፍራሽ ከብዶ። ሳሎኑን ግማሽ ያዘው። እጥፋቱ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር አለው፤ አብሮት የተላከው ወረቀት ላይ «ለሁለት ቀን ዘርግታችሁ ብትተዉት መስመሩ ይጠፋል» ይላል። ኦኬ፣ ሁለት ቀን ምን አላት።

እትዬ መጥተው ነካ ነካ አደረጉት። «ይሄማ ፍራሽ ነው እንጂ ምንጣፍ ነው እንዴ? ለአንዲት ፍሬ ልጅ!» አሉ። ወደ ኩሽና ሲሄዱ ሶፋውን ይዘው፣ ጫፉን በእግራቸው ፈልገው፣ ቀስ ብለው ተሻገሩት። አዲስ ዕቃ ላለመርገጥ እየተጠነቀቁ መሰለኝና «ይርገጡት እትዬ፣ ለመረገጥ ነው የተገዛው» አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

ኤልዱን በሆዷ አስተኛኋት። አለቀሰች። ገና አልለመደችውም።

ዓርብ

ሥራ። አንድ አዛውንት ከአልጋ ሲወርዱ ልክ በጊዜው ያዝኳቸው። አመሰገኑኝ። ቤት ስገባ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ኤልዱ ተቀምጣ፣ እትዬ ሶፋ ላይ ሆነው እያጫወቷት። «እንዴት ዋለች?» «እሰይ፣ ደህና ዋለች።» ደስ አለኝ።

እሑድ

መስመሩ አልጠፋም!

ሁለት ቀን አሉ፤ ይኸው አራተኛ ቀኑ ነው። እንደውም ብሶበታል። ኤልዱን ሳስቀምጣት ቂጧ መስመሩ ውስጥ ይገባና ወደ ጎን ትዘነበላለች። በሆዷ ሳስተኛት ደግሞ እጇ ስፖንጁ ውስጥ ይሰምጣል፤ ለመግፋት ብትሞክር እንኳ የምትገፋው የላትም። ደረቷን ቀና ልታደርግ አንዴ ሞከረች፣ ክርኗ ሰመጠ፣ በአፍንጫዋ ተደፋች። ልቤም አብሮ ተደፋ። ፊዚዮቴራፒስቱ የነገረኝ ይሄንን ነበር፤ ግማሹን ብቻ ሰምቼ ሄድኩ።

ንዴቴን የምወጣበት ስላጣሁ ለሻጩ ድረ ገጹ ላይ አንድ ኮከብ ሰጥቼ ሪቪው ጻፍኩ። «ዋሽታችኋል። የማይጠፋ መስመር ነው። በልጅ አትቀልዱ።» ሰለሞን ከትከሻዬ በላይ አንብቦ ሳቀ። «ትዕግስት ብለው ስም ያወጡልሽ ሰዎች ምን ነካቸው?» አለኝ። በትራስ መታሁት። ያኔ ነው ዶክተሯ ያለችውን የነገርኩት። ሳቁን አቆመ። «ሰኞ ያለችሽን ዛሬ?» አለ።

ምንጣፉን ለሻጩ ለመመለስ የመጣበትን ሳጥን ፈልጌ አጣሁት። እትዬ ቆራርጠው ጥለውታል።

ሰኞ

መኝታ ቤት ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

ዛሬ ሕመምተኛ አነስ ስላለ ከምሳ በፊት «ሂጂ» ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ኤልዱን ራሴ ላጫውታት፣ አሻንጉሊቷን አርቄ አስቀምጬ ላለማምዳት ብዬ አቅጄ። በሩን ከፈትኩ። ወለሉ ባዶ። ምንጣፉ በአራት ታጥፎ፣ አሮጌ አንሶላ ለብሶ፣ ከሶፋው ኋላ ቆሟል። እትዬ ኩሽና ቆመው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ኤልዱ ጀርባቸው ላይ በነጠላ ታዝላ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

«ምነው፣ በደህና ነው?» አሉ ደንግጠው።

«ምንጣፉ ለምን ታጠፈ እትዬ?»

«እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው። እናንተ ልትመጡ ስትሉ አነጥፈዋለሁ።»

«እሷስ? መቼ ነው ወለል ላይ የምትቀመጠው?»

ቢላዋውን አስቀመጡ። «ሲሚንቶ እኮ ነው ልጄ፣ ብርድ ይመታታል። ይሄ የናንተ ኤሲ ደግሞ ከላይ። የኛ ደብረ ብርሃን እንኳ እንዲህ አይበርድም።» ውጪው እንደ ምድጃ ነዷል፣ እሳቸው ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ይነግሩኛል!

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነበር። አልጮህኩም። ልጄን ከጀርባቸው ፈትቼ ወሰድኳትና እዚህ ገባሁ።

ለካ መስመሩ ያልጠፋው ለዚህ ነው። እኔ ሥራ በወጣሁ ቁጥር ይታጠፋል፣ ልመጣ ስል ይዘረጋል። እትዬ የመጡት እኔ ሥራ ስጀምር ነው፤ ሦስት ወር ሆናቸው። ሦስት ወር ሙሉ እኔ በሌለሁበት ልጄ ወለል አልነካችም። እኔ ቤት ስሆን ደግሞ ባወረድኳት ቁጥር የምታለቅሰው ጀርባቸውን ፈልጋ ነው። እኔ ኢንች እቆጥራለሁ፣ እሷ መሬት አታውቅም!

ሪቪውን አጠፋሁት። ያ ምስኪን ሻጭ ምን አደረገ።

ማክሰኞ

ቤቱ ጭር ብሏል። ሰለሞን ጠዋት ከሥራ በፊት ሊያስታርቀን ሞከረ፤ ባይሞክር ይሻል ነበር።

«እኔንም አዝላ ነው ያሳደገችኝ። ይኸው እሮጣለሁ» አለኝ።

«አትሮጥም፤ ትነዳለህ።»

መሳቅ ሲገባኝ አልሳቅኩም፤ እሱም አልሳቀም። ከዚያ ልናገር የማይገባኝን ተናገርኩ። «እናትህ ልጄን ሊያሽመደምዱብኝ ነው» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ የመመለሻ ትኬት ይቆረጥላት? እንደሱ ነው የምትፈልጊው?» አለ። ዞሬ የኤልዱን ጡጦ ማጠብ ጀመርኩ። መዞሬ መልስ መሰለ። ወጥቶ ሲሄድ የእትዬ ክፍል በር ገርበብ ብሎ እንደነበር አየሁ።

ቀኑን ሙሉ ኤልዱን ወፍራሙ ምንጣፍ ላይ አውርጄ ታገልኩ። አሥር ደቂቃ ለቅሶ፣ አምስት ደቂቃ እቅፍ። እትዬ በየመሃሉ ብቅ እያሉ «ወይ ልጄን!» እያሉ ይመለሳሉ። አንዴም ወርደው አልተቀመጡም። እልኸኛ ናቸው አልኩ በልቤ።

ከሰዓት ልብስ ላስቀምጥ ክፍላቸው ስገባ ሻንጣቸው አልጋው ላይ ተከፍቷል። ባዶውን ነው። ግን ተከፍቷል።

ረቡዕ

ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ጠዋት እትዬ ልብስ ሲያጣጥፉ የኤልዱ ካልሲ ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ አላሉም። በእግራቸው ጣት ቆንጥጠው አነሱት። እንደገና ወደቀ፣ ደግመው በእግር ጣታቸው። ከዚያ ከወንበር ሊነሱ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። አንዴ ወደ ፊት፣ ሁለቴ ወደ ፊት፣ በሦስተኛው ተነሱ። እኔ ቆሜ ቆጠርኩ። ሥራ ቦታ ቢሆን በመጀመሪያው ደቂቃ የማየውን እቤቴ ውስጥ ሦስት ወር አላየሁም።

ተመልሰው ሲቀመጡ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ሲነሱ ይከብድዎታል እንዴ? ወድቀው ያውቃሉ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!»

ሁሉም መጀመሪያ «ኖ» ይላሉ። ወንበሬን አስጠጋሁ። ካልሲዋን አጠፏት፣ ዘረጓት፣ አጠፏት።

«የመጣሁ ሰሞን ነው» አሉ በመጨረሻ። «እንዳልሽኝ ቀጭኑ ምንጣፍ ላይ አብሬያት ቁጭ አልኩ። ተጫወትን፣ ሳቅን። ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ሲሚንቶው ላይ ልንበረከክ ብል እንደ ቢላ ወጋኝ። የምይዘው የለ። ከዚያች ከምንጣፏ እስከ ሶፋው ድረስ በቂጤ ተጎተትኩ። ልጅቱ ወዲያ ሆና ታለቅሳለች፣ እኔ ወዲህ ሆኜ አለቅሳለሁ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ እንጃ። ያን ዕለት ማልኩ። ጀርባዬ ላይ ካለች የትም ብሄድ አብራኝ ናት፤ ቤቱ እንኳ ቢቃጠል ይዣት እወጣለሁ። አልጋ ላይ አስቀምጬ አዝላታለሁ፣ አልጋ ላይ አወርዳታለሁ። ያ ወፍራሙ ሲመጣ ደግሞ ጫፉ ሁለት ጊዜ ጠለፈኝ፤ አጠፍኩት።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ልረዳችሁ መጥቼ ሸክም ልሁን? ‹አሮጊቷ መነሳት አቃታት› ተብዬ ልመለስ?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ትናንት የተባባላችሁትን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። ልጄን ካሽመደመድኩማ ልሂድ።»

እዚህ ላይ አለቀስኩ። እጃቸውን ይዤ፣ አፍንጫዬን በኤልዱ ካልሲ እየጠረግኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እላለሁ ለሰው። እኔስ? ዶክተሯን፣ ባሌን፣ እሳቸውን በአንድ ጠዋት የዋሸሁ ሴት አይደለሁም? ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሦስት ሳምንቷን፣ ፊዚዮቴራፒውን፣ «አልወደድኩትም» ያለችውን። ከሁሉም በላይ ምን እንደምፈራ ነገርኳቸው፤ ችግሩ ከምንጣፍም ከጀርባም ሳይሆን ከልጄ ቢሆንስ?

«ይሄንን ለብቻሽ ይዘሽ ነው ይሄን ሁሉ ቀን? እኔ ደግሞ የጉልበቴን ነገር ለብቻዬ ይዤ?» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጉድ እኮ ነን፤ አንድ ቤት ውስጥ።»

ሐሙስ

እረፍት ላይ፣ መኪና ውስጥ። ዛሬ ሳንድዊቼን በላሁ።

ፊዚዮቴራፒስቱን አገኘሁትና «ባለፈው ያልጨረስከውን ጨርስልኝ» አልኩት። ረስቶታል። ነገሩን ስነግረው አስታወሰ። «አብሯት ወለል ላይ የሚቀመጠው ማን ነው ልልሽ ነበር። ምንጣፉ ለሁለት ሰው ነው የሚመረጠው» አለኝ። ለሁለት ሰው! እኔ ለአንድ ዘጠኝ ኪሎ ሰው ስለካ ከረምኩ።

የምንፈልገው፦
ለእትዬ ጉልበት ሲሚንቶው የማይሰማ፤ ግማሽ ኢንቹ አይሆንም።
ለኤልዱ ክንድ የማይሰምጥ፤ ኢንች ተኩሉ አይሆንም።
ጫፉ የሚሳሳ፣ እግር የማይጠልፍ።
የማይታጠፍ! አንዴ ተዘርግቶ የሚቀር።
አጠገቡ የማይንቀሳቀስ ወንበር።

ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። እትዬን ይዤ ሄጄ ራሳቸው ይምረጡ። ማታ የጨመርኩት፦ በስልክ ስነግራቸው «እኔ ምን አውቄ!» ብለው ነበር፤ ስገባ ግን ለቅዳሜ የክት ቀሚሳቸውን አውጥተው ሰቅለውታል።

ቅዳሜ

ሪቻርድሰን ያለ የሕፃናት ዕቃ መደብር ነው የሄድነው፤ ናሙናዎቹን ወለሉ ላይ ዘርግተው ስለሚያሳዩ። ወለሉም ሲሚንቶ ነው፤ እንደኛ ቤት። እትዬ የዕቃ ጋሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እያንዳንዱን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉ። «ይሄ ሊጥ ነው።» አለፉ። «ይሄ ደግሞ ድንጋይ።» አለፉ። አራተኛው ላይ ቆሙ። እኔ ጠርዙን ቀና አደረግኩላቸው፤ አመልካች ጣታቸውን በጎኑ አጋድመው ለኩት። ልክ እኩል መጣ። «አንድ ጣት። ይሄ ነው» አሉ። ተንበርክኬ ሞከርኩት፤ ጉልበቴ አልተቆረጠመም፣ መዳፌም አልሰመጠም። ሻጩ በኢንች ሊነግረን ጀመረ። «አንድ ጣት ነው» አልኩት በአማርኛ። ምን እንደገባው እንጃ፣ «ኦኬ» አለኝ።

እቤት ዘረጋነው፤ በጥቅል የመጣ ስለሆነ የእጥፋት መስመር የለውም። ከባዱን የምግብ ጠረጴዛ ወንበር አምጥቼ ግድግዳ አስደግፌ ከምንጣፉ ዳር አቆምኩት። ኤልዱን መሃል ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ «እትዬ፣ ዛሬ መነሳት ነው የምንማረው» አልኳቸው።

«እኔ? ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስነሳ ኖሬ?»

ወንበሩን አስይዤ ቀስ ብዬ አወረድኳቸው። በየቀኑ ለማላውቃቸው ሰዎች የማስተምረውን አስተማርኳቸው። መጀመሪያ ወደ ጎን ይዙሩ። በክንድዎ ይግፉ። አሁን በእጅና በጉልበትዎ ይሁኑ። አይቸኩሉ፣ ይተንፍሱ። እንዲህ ሆነው እስከ ወንበሩ ይሂዱ። እጅዎን መቀመጫው ላይ። ጠንካራውን እግር ወደ ፊት። አሁን ይግፉ!

እሳቸው በአራት እግር፣ እኔም እያሳየኋቸው በአራት እግር። «አበስኩ ገበርኩ! በዚህ ዕድሜዬ ዳዴ!» ብለው ሳቅ ጀመሩ። እኔም ሳቅ ያዘኝ። የመጀመሪያው ከበዳቸው፣ በብብታቸው ደገፍኳቸው። ሁለተኛው ላይ ክርናቸውን ብቻ ያዝኩ። ሦስተኛው ላይ «ተዪኝ» አሉ። ተውኳቸው። ወንበሩን ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ተነሱ። ብቻቸውን። ቆመው ወለሉን ወደ ታች አዩት፣ ያሸነፉትን ሰው እንደሚያዩት። «እንደገና» አሉ።

አራተኛው ላይ ነው ነገሩ የሆነው። እትዬ በእጅና በጉልበታቸው ሆነው ወደ ወንበሩ ሲሄዱ ኤልዱ አየቻቸው። ወደኔ ዞረች፤ እኔም እንደሳቸው ነኝ። ከዚያ ወደ ፊት ዘመመችና በሆዷ ተኛች። ለቅሶውን ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። መዳፏን ምንጣፉ ላይ ተከለች፣ ገፋች፣ ምንጣፉ አልሰመጠም፣ ደረቷ ተነሳ። ቂጧ ተነሳ። ሆዷ ከመሬት ለቀቀ! እንደ ጠረጴዛ ቆማ ወደ ፊት ወደ ኋላ ተወዛወዘች። እትዬን ክንዳቸውን ያዝኳቸው፤ እሳቸውም እኔን።

ከዚያ ሄደች። ወደ ኋላ! ወደኛ እያየች፣ እየራቀችን፣ በመዳፏ እየገፋች ወደ ኋላ። ሁለት ሳምንት የተጨነቅኩለትን ምንጣፍ አልፋ፣ የሳሳውን ጫፍ ወርዳ፣ ባዶው ቪኒል ላይ ገባች።

እኔ ላነሳት ተወረወርኩ። «ሲሚንቶው!» ያልኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ራሴ።

እትዬ ቀሚሴን ያዙኝ። በአራት እግራቸው እንደሆኑ፣ እንባቸው እየወረደ፣ «ተያት» አሉ። «ተያት፣ ትሂድ።»

ሰለሞን በሩን ሲከፍት ሦስታችንንም በአራት እግራችን አገኘን። ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። «ምን ጠፋባችሁ?» አለ።

እሑድ

ዛሬም ወደ ኋላ ነው። ሶፋው ሥር ገብታ ቂጧ ተቀርቅሮ አወጣናት። ወደ ፊት ገና ናት፤ ወደ ፊት ትምጣ አትምጣ አላውቅም፣ ቀጠሮው ሳምንት ከምናምን ነው የቀረው። ዶክተሯ አሁንም «አልወደድኩትም» ልትል ትችላለች።

ወፍራሙን ምንጣፍ ሰለሞን እትዬ አልጋ ላይ ከፍራሻቸው ሥር አነጠፈው። መስመሩ አሁን ይጠፋ ይሆናል። ሻንጣቸው ቁምሳጥኑ ላይ ተመልሶ ወጥቷል፤ ማን እንዳወጣው አልጠየቅኩም።

ጠዋት እትዬ ከኤልዱ ጋር ወርደው ቁጭ አሉና ሰዓቱን አዩ። ሲነሱም አዩ። «አርባ ደቂቃ» አሉኝ። «ጻፊው፤ ሐኪሟ ትጠይቅሽ የለ?» ጻፍኩት። ቀጠሮው ዕለት እሳቸውንም ይዣቸው እሄዳለሁ። ዶክተሯ ስንት ሰዓት ብላ ስትጠይቅ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው።